ቅየሳ፣ ጂአይኤስ እና ስማርት ሲቲ፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን ይማሩበታል?

ሒሳብና ፊዚክስ የሚወዱ የፎርም ፎር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ሕክምናን ወይም ሲቪል ኢንጂነሪንግን ነው። በዚህ ዕትም ብዙም ስለማይወራለት ሌላ መስክ እናወራለን፤ ስለ መሬት ቅየሳ፣ ስለ ጂአይኤስና ስማርት ሲቲ ስለሚባለው ነገር።

ቀያሽ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መንገድ ዳር ቆሞ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ውስጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ሰው ነው። እሱም አለ፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ቅየሳ «ይሄ ነገር በትክክል የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ጂአይኤስ ደግሞ የተለካውን ቦታ ከመረጃ ጋር ያገናኛል፤ ቦኖው እዚህ ነው፣ ስንት አባወራ ይቀዳበታል፣ መቼ ተበላሸ የሚለውን ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ ይደራርባል። ስማርት ሲቲ እነዚህ ሁለቱ ከተማ ውስጥ በየዕለቱ ሥራ ላይ ሲውሉ ነው።

የቅየሳ መሠረት ክፍል ውስጥ የምትማሩት ሒሳብ ነው። መምህራን በትምህርት ቤቱ ግቢ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። 12 ሜትር ገመድ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጉበትና ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። አንዱን ችካል ጫፎቹ የተገናኙበት ላይ፣ ሁለተኛውን 3ኛው ቋጠሮ ላይ፣ ሦስተኛውን 7ኛው ላይ አድርጉና ገመዱን ወጥሩ። ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ይሆናሉ፤ 3ኛው ቋጠሮ ላይ ያለው ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ነው። ፓይታጎረስ ማለት ይኸው ነው፣ የቤት መሠረትም እንዲህ ይወጣል። (የሚለጠጥ ገመድ ግን ያሳስታችኋል።) ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ገመዱ በቶታል ስቴሽንና በጂፒኤስ ይተካል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ስለ ጂፒኤስ ካነሳን አይቀር፣ ስልካችሁ በገላጣ ሜዳ ላይ ቦታችሁን ወደ 5 ሜትር በሚጠጋ ስህተት ይነግራችኋል። ሳተላይቶቹ ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ርቀቱ የሚሰላው ምልክቱ ለመድረስ በፈጀው ጊዜ ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት ብቻ 300 ሜትር ያዛባል። ስለዚህ ቦታ ለማግኘት ስልክ ይበቃል፤ የጎረቤትን ወሰን ለመለየት ግን በጭራሽ አይበቃም።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ እኔ ተማሪዎች ከሁሉም በላይ እንዲያውቁት የምፈልገው እሱን ነው። የድሮዎቹ የኬንያ ካርታዎች አርክ 1960 በሚባል መነሻ ነው የተሠሩት፣ የኢትዮጵያዎቹ አዲንዳን በሚባል፤ ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ከጂፒኤስ የወሰዳችሁትን ቁጥር ሳትቀይሩ እንዲሁ አሮጌ ካርታ ላይ ብታስቀምጡት፣ በኬንያ 300 ሜትር ገደማ፣ በኢትዮጵያ ከ200 ሜትር በላይ ፈቀቅ ይላል። ካርታው ያምራል፣ ጉድጓዱ ግን ሰው ማሳ ውስጥ ይቆፈራል! ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦዴሲ የሚባለው ትምህርት ይህን ነው የሚያስተምረው፤ ተማሪዎች ከባድ ነው ይሉታል፣ እውነትም ከባድ ነው።

አሁን ወደ ካምፓችን እንምጣ። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ዕርዳታ መለኪያ ማንኛውም ቤት ከቦኖ ከ500 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም ይላል። በየ300 ሜትሩም እሳት እንዳይዛመት 30 ሜትር ባዶ ቦታ ይተው ይላል። በጂአይኤስ በእያንዳንዱ ቦኖ ዙሪያ የ500 ሜትር ክብ መሳል የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከክቡ ውጭ የቀሩት ብሎኮች ወዲያው ይታያሉ። ታዲያ ክቡ ላጋ ቢያቋርጥስ? በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ጎርፉ ያግዳል። ኮምፒዩተሩ «300 ሜትር ነው፣ ደህና ነው» ያለላት እናት ያን ቀን ውኃ አትቀዳም። ስለዚህ ጥሩ የጂአይኤስ ባለሙያ በአየር የሚለካውን ርቀት ትቶ ሰው በእግሩ የሚሄድበትን መንገድ ይለካል። ይህን ከሩቅ ቢሮ ከተቀመጠ ባለሙያ ይልቅ ካምፕ ውስጥ ያደገ ልጅ ቶሎ ያየዋል።

ይህ ለማጽናናት የተባለ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ ያን ያህል ሕዝብ እየኖረበት በሕዝብ እጅ ባሉ ካርታዎች ላይ ባዶ ቦታ ሊባል ምንም አይቀረውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው፣ መንገዱን፣ ክሊኒኩን፣ ሽንት ቤቱን እየመዘገቡ ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነፃ ካርታ ላይ አስገቡት። የናይሮቢን ማታቱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ይዘው እየተሳፈሩ ከ130 በላይ መስመሮችን መዘገቡ፤ ካርታው እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ለእኔ ስማርት ሲቲ ይህ ነው። ከናይሮቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ በ5,000 ኤከር ላይ የታቀደውን ኮንዛን የመሰለ አዲስ ከተማም አለ፤ ነገር ግን ያለ ትክክለኛ ካርታ ካሜራና ሴንሰር መደርደር ብቻውን የትም አያደርስም።

የት ይማሯል? በኬንያ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆሞ ኬንያታ (ጄኩአት) እና ኒዬሪ ያለው ደዳን ኪማቲ ይሰጡታል፤ ኢንጂነሪንጉ 5 ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው። በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ያስፈልጋል። ከሌላ አገር የመጣ የምስክር ወረቀት ያላችሁ የአቻ ግምቱን ቀደም ብላችሁ አሠሩ፤ ጊዜ ይፈጃል። ዳፊ ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚሆን ማስታወቂያውን ተከታተሉ።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በኬንያ የመሬት ወሰን ለክቶ ለመፈረም ዲግሪ ብቻ አይበቃም፤ የሙያ ፈተና ማለፍና ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ለስደተኛ ደግሞ ከዚያ በተጨማሪ የሥራ ፈቃድ ጉዳይ አለ። የጂአይኤስ ሥራ እንዲህ ያለ ፊርማ አይጠይቅም፣ ከአገር አገርም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ እኩል ከቀረቡላችሁ ጂአይኤሱን ያዙ ባይ ነኝ፤ ወሰን መለካት የሚወድ ግን ፈተናው ቢረዝምም ሊደርስበት ይችላል።

ለመጀመር ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ አንድ መምህር አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ቢያከፋፍለው ይሻላል። ቦታ ስትመዘግቡ ከነጥብ በኋላ 5 አኃዝ ጻፉ፤ ይህ ወደ 1 ሜትር ስለሚሆን ለስልክ ከበቂ በላይ ነው። ከብሎካችሁ ቦኖዎች ጀምሩ፣ ላጋውንም መሳል አትርሱ።