የዳንፎርዝ አሰልጣኞችና 49ኙ ሽንፈቶች

(ከቶሮንቶ፣ ካናዳ)

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2013 (ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.)፣ እሑድ ጠዋት ነው። የቶሮንቶ ሰው በማግስቱ ለሚያከብረው የምስጋና ቀን ሽር ጉድ ሲል፣ እኛ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ተጠቅጥቀን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠናል። የሌሊት ተራ ሠርቶ ሳይተኛ የመጣ አለ። ታክሲውን በር ላይ አቁሞ የገባ አለ። ሥርጭቱ በኢንተርኔት ስለሆነ በየአሥር ደቂቃው ይቆማል። በቆመ ቁጥር አንዱ አዲስ አበባ ይደውልና «ምን ተፈጠረ?» ይላል።

የሚጫወቱት ዋልያዎቹና የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ናይጄሪያ ናቸው። የደርሶ መልሱ አሸናፊ በቀጥታ ብራዚል፣ ለዓለም ዋንጫ! በዕድሜያችን እዚህ ደርሰን አናውቅም። በኃይሉ አሰፋ በሁለተኛው አጋማሽ ሲያስቆጥር የምግብ ቤቷ ባለቤት እትዬ የያዙትን ጀበና አስቀምጠው እልልታውን አቀለጡት። ብዙም ሳይቆይ ኢማኑኤል ኤመኒኬ አቻ አደረገ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ያው ኤመኒኬ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። 2 ለ 1። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ።

ለቅሶው ግን አምስት ደቂቃም አልቆየ። ትንታኔው ተጀመረ።

አራቱ ወገኖች

ዳንፎርዝ ላይ ኳስ አይቶ የሚያውቅ ሰው ወገኖቹን ያውቃቸዋል። የመጀመሪያዎቹ «ዳኛ ባዮች» ናቸው። ለእነሱ ኢትዮጵያ ተሸንፋ አታውቅም፤ ተበድላ እንጂ። ሁለተኛዎቹ «አሰልጣኝ ባዮች» ናቸው። ሰውነት ቢሻው ማንን መቀየር እንደነበረበት፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደነበረ፣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛዎቹ «ቁመት ባዮች» ናቸው፦ «አየሃቸው የናይጄሪያ ልጆች? ግድግዳ እኮ ናቸው! የእኛ ልጆች ሽሮ በልተው ከእነዚያ ጋር እንዴት ይጋፋሉ?» ይላሉ። አራተኛዎቹ «ፌዴሬሽን ባዮች» ናቸው። እነሱ የሚናገሩት ሁሉ «ዱሮም ብዬ ነበር» ብሎ ይጀምራል።

እኔ? እውነቱን ልናገርና ከአሰልጣኝ ባዮቹ ነበርኩ። ያን ቀን ናፕኪን ላይ አሰላለፍ ሥዬ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክሬአለሁ። ቤቴ ስገባ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር።

ኖቬምበር 16 የመልሱ ጨዋታ ካላባር ላይ ተደረገ። ቪክተር ሞሰስ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ቪክተር ኦቢና ወደ መጨረሻው ግድም፣ 2 ለ 0። በድምሩ 4 ለ 1። ብራዚል ቀረ። እኛም በዚያችው ምግብ ቤት፣ በዚያው ወንበር፣ ያንኑ ትንታኔ ደገምን። ዳኛ፣ አሰልጣኝ፣ ቁመት፣ ፌዴሬሽን።

ከጥግ የሚቀመጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። በ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ልጅ ሆነው አዲስ አበባ ስታዲየም የገቡ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ስታነሳ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ሲጮህ የዋለው ሁሉ ሲደክመው ቡናቸውን አስቀመጡና፣ «ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «ከእናንተ መሀል ባለፈው ዓመት ለአንድ ሕፃን ኳስ የገዛ አለ?»

ጸጥ አልን። አንዱ ሳቀ። እኔ በሆዴ «ደግሞ ይሄ ከካላባር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብዬ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ጥያቄው ግን ተከትሎኝ ወጣ።

ያልተነተንነው ሽንፈት

የዚያን ዓመት ማጣሪያ መለስ ብላችሁ አስታውሱ። ጁን 8 ቀን 2013 ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሳምንቱ፣ ጁን 16፣ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ ውጤት ረቱና ከምድቡ ማለፋቸው ተበሰረ። ቶሮንቶም አዲስ አበባም ጨፈረ። ጭፈራው ሳያልቅ፣ በዚያው ዕለት፣ ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። በቦትስዋናው ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች ነበር። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፤ እኛ 3 ነጥብ አጣን። ሴፕቴምበር ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 ባናሸንፍ ኖሮ ናይጄሪያን እንኳ ባላየናት ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያቺን 3 ነጥብ የወሰደብን ዳኛ አይደለም። ረጅም ተከላካይም አይደለም። ቢጫ ካርድ ቆጥሮ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር አንድ ሰው ወይ አልነበረም፣ ወይ ሥራውን አልሠራም። ከሽንፈቶቻችን ሁሉ ለመከላከል የሚቀለው ይሄ ነበር። እኛ ግን «ማን ነው ጥፋተኛው? ይባረር!» ብለን ሁለት ሳምንት ጮኸን፣ ብራዛቪል ላይ ስናሸንፍ ረሳነው። «ከዚህ በኋላ ካርዱን የሚቆጥረው ማነው? እንዴት ነው የሚቆጥረው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዳንፎርዝ ላይ አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ጃኑዋሪ 2022፣ ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ታሪኩ ተደገመ። ኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባየህ ገና በጠዋቱ በቀይ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ካሜሩንን ዳዋ ሆቴሳ በአራተኛው ደቂቃ ቢመራብንም ቶኮ ኤካምቢና አቡበከር ሁለት ሁለት አግብተው 4 ለ 1 ለቀቁን። በኮቪድ ምክንያት ኦንታሪዮ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ መቀመጥ ተከልክሎ ነበርና ትንታኔው ወደ ቴሌግራም ተዛወረ። ሰዎቹ ያው፣ ክርክሩ ያው። የውበቱ አባተ ስም የሰውነት ቢሻውን ቦታ ከመያዙ በቀር አንድ ቃል አልተለወጠም።

ከሥራ ባልደረባዬ የሰማሁት

በዚያው ሰሞን፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ፊቴ ጠቁሮ ያየ ካናዳዊ ባልደረባዬ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስነግረው «ስንት ጊዜ ተሸነፋችሁ?» አለኝ። «ሁለቴ።» ሰውዬው ሳቀ። «እኔ 49 ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ ነኝ» አለኝ።

ቡድኑ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ቫርሲቲ ብሉስ ነው። ጨዋታው የእኛ እግር ኳስ አይደለም፤ ራስ ቁር ደፍተው፣ እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የካናዳ ፉትቦል ነው። ይህ ቡድን ተራ አይምሰላችሁ። ዛሬ ፕሮፌሽናሎቹ የሚሻሙበትን ግሬይ ካፕ እ.ኤ.አ. በ1909 ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው እሱ ነው። የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና የሆነውን ቫኒየር ካፕንም በ1965 መጀመሪያ የወሰደው እሱ ነው። የቀድሞ ክብር፣ የአሁን ውርደት። ይሄ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከ2001 እስከ 2008 ድረስ ቡድኑ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። አርባ ዘጠኝ! በካናዳ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል እንዲህ ያለ ረጅም የሽንፈት ተከታታይ የለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ዋተርሉን 18 ለ 17፣ በአንዲት ነጥብ፣ አሸንፈው ተገላገሉ። ባልደረባዬ ያን ቀን እንዳለቀሰ ነገረኝ።

«ታዲያ ስትሸነፉ ምን ትሉ ነበር?» አልኩት። መጀመሪያ እንደ እኛው አሰልጣኝ ይራገሙ ነበር። ኋላ ላይ ግን ወሬው ተለወጠ፦ ልምምድ የት ነው የሚሠሩት? ጎበዝ ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ለምን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል? ሜዳችን የታለ? ሜዳ ያልኩት በዘይቤ አይደለም። ብሎር ጎዳና ላይ የነበረው አሮጌው ቫርሲቲ ስታዲየም በ2002 ፈርሶ ነበር። አዲሱ ቫርሲቲ ሴንተር የተከፈተው በ2007 ነው። ድሉ በዓመቱ መጣ። ሜዳ ብቻውን አሸነፈ አልልም፤ ቤት የሌለው ቡድን ግን እንግዳ ሆኖ እንደሚኖር ማንም ያውቃል።

ሌላም ነገረኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው በበጀት እጥረት የፉትቦል ቡድኑን ጭራሽ ሊያፈርሰው ነበር። የቀድሞ ተማሪዎችና ደጋፊዎች ተሰብስበው ገንዘብ አዋጥተው አተረፉት። በ1993 ያው ሊፈርስ የነበረ ቡድን ካልጋሪን 37 ለ 34 አሸንፎ ቫኒየር ካፕን ወሰደ። ከዚያም በኋላ ነው 49ኙ ሽንፈት የመጣው። ማለትም አንዴ አዋጥቶ፣ አንዴ ጨፍሮ ቤት መግባት በቂ አልነበረም።

ያኔ ነው የጋሼ ጥያቄ ከስምንት ዓመት በኋላ የገባኝ።

ማን? ወይስ ምን?

የእኛ ትንታኔ ችግሩ እውቀት ማነስ አይመስለኝም። የካላባሩን አሰላለፍ ዛሬም በቃሉ የሚደግምላችሁ ሰው ዳንፎርዝ ላይ አይጠፋም። ችግሩ ጥያቄው ነው። ሁልጊዜ «ማን አጠፋ?» ነው። አንድ ስም እስክናገኝ እንቆፍራለን፤ ስሙ ሲገኝ ሆዳችን ይበርድና ወደ ቤታችን እንሄዳለን። «ምን ጎደለ?» ብንል ግን መልሱ ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ሥራው ደግሞ ወደ እኛም ይደርሳል። ሳንወደው የቀረነው ለዚህ ሳይሆን ይቀራል?

ስታዲየሙን እንውሰድ። ኢትዮጵያ በ1957 ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት፤ ይድነቃቸው ተሰማም ለአሥራ አምስት ዓመታት ፕሬዚዳንት ሆነው መርተውታል። ያው ካፍ በ2021 የባሕር ዳር ስታዲየምም መስፈርቱን አያሟላም ካለ ወዲህ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ ከርመዋል። ጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው የተካሄደው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። ያን ቀን ዳንፎርዝ ላይ ጨፍረናል፤ እኔም ጨፍሬአለሁ። «የሜዳችን ጨዋታ ማላዊ ምን ይሠራል?» ብሎ ጭፈራውን ያቆመ ግን የለም። ድልም እንደ ሽንፈት ጥያቄ ያስረሳል።

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ እኛ ከቶሮንቶ ሆነን ስታዲየም እንሥራ ነው የምትለው?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። የፌዴሬሽኑና የመንግሥት ሥራ የእነሱ ነው፤ እንዲጠየቁበትም ይገባል። ግን ለመጠየቅም ትክክለኛውን ጥያቄ ማወቅ ያሻል። «አሰልጣኙ ይባረር» የሚለው ጩኸት ለባለሥልጣን ይመቸዋል፤ አንዱን አባርሮ ሌላ መቅጠር ርካሽ ነው። «ካርዱን ማን ይቆጥራል? ስታዲየሙ መቼ ያልቃል? የ15 ዓመት ልጆች የት ይጫወታሉ?» የሚለው ነው የሚያስጨንቀው።

ለእኛ የሚደርሰን ድርሻም አለ። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ጁላይ ላይ ከየከተማው ቡድን ያሰባስባል፤ የቶሮንቶም ቡድን ይሄዳል። ስንቶቻችን ነን በማርች ብርድ ልምምዳቸውን ሄደን ያየን? ጁላይ ላይ ሲሸነፉ ግን ሁላችንም ተንታኝ ነን።

የራሴን ጉድ ልናገርና ላብቃ። ልጄ የሚጫወትበት የሰፈር ቡድን አሰልጣኝ አጥቶ ሊበተን ነበር። ለወላጆች ሁሉ «ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚሰጠን ሰው እንፈልጋለን» የሚል ኢሜይል ሦስት ጊዜ ተልኮልን ነበር። ሦስቱንም አይቼ ዘልዬአቸዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ቴሌግራም ላይ አሰልጣኝ ሳባርር ነበርና። ልጄ ነው «አባዬ፣ አንተ ኳስ ታውቃለህ አይደል?» ብሎ ያፋጠጠኝ። ምን ልበለው?

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮኖቹን የምደረድር፣ ውኃ የምሸከም ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ባለፈው ሰሞን 6 ለ 0 ተሸነፍን። መኪና ውስጥ ልጄ ገና በሩን ሳይዘጋ «ዳኛው እኮ...» ብሎ ጀመረ። የዳንፎርዝ ደም ነው፣ አልፈረድኩበትም። «ዳኛውን ተወውና ምን ጎደለን?» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ የመጣነው አምስት ብቻ ነበርን» አለኝ።

ሐሙስ ማታ ለወላጆቹ በየተራ ደወልኩ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች መጡ።

ቸር ይግጠመን።