ለማታር ፀሐይ የሚሆን ስክሪን

ማታር፣ በኑዌር ዞን፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ፣ እኩለ ቀን ላይ ሜዳው መሀል ሆናችሁ ስልካችሁን አውጡ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። ብራይትነሱን እስከ ጥግ ብትጨምሩትም የጋምቤላ ፀሐይ ትበልጠዋለች፤ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ታብሌትም ያው ነው። ሁለቱም ብርሃን የሚያመነጩት ከራሳቸው ስለሆነ ከፀሐይ ጋር ፉክክር ውስጥ ይገባሉ።

እዚያ ፉክክር ውስጥ ጭራሽ የማይገባ ስክሪን ግን አለ! ኪንድልና መሰሎቹ የመጽሐፍ ማንበቢያዎች (ኢ-ሪደሮች) የሚጠቀሙበት ኢ-ኢንክ ነው፤ የሠራው ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ኤምአይቲ ምርምር የወጣ ነው። ስክሪኑ የፀጉር ውፍረት በሚያህሉ ጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ፣ ጥርት ባለ ፈሳሽ ላይ፣ ነጭና ጥቁር ብናኝ ይንሳፈፋል፤ የኤሌክትሪክ ሙላታቸው ተቃራኒ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ይሰምጣል፤ ጥቁሩ የወጣበት ቦታ ፊደል ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ፊደሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ባትሪ በዋናነት የሚበላው ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ አንድ ቻርጅ ለሳምንታት ያስነብባል፤ የሚታየው በላዩ በሚያርፈው ብርሃን ስለሆነ ደግሞ ፀሐይ በበረታች ቁጥር ጽሑፉ ይበልጥ ይጎላል። አልፎ አልፎ ገጽ ስትገልጡ ስክሪኑ ጥቁር ብልጭ ቢል አትደንግጡ፤ የቀደመውን ገጽ ጥላ እያጸዳ ነው። ቪዲዮ ግን አትሞክሩበት።

በፀሐይ የሚነበብ ስክሪን ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በሺዎች የታደለው የዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ ድርጅት ኤክስኦ ላፕቶፕ፣ ኢ-ኢንክ ባይሆንም፣ ሜሪ ሉ ጄፕሰን የነደፈችው ስክሪኑ የጀርባ መብራቱ ሲጠፋ በፀሐይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይነበብ ነበር። ይኸው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች የሰጠው ግን በሶላር ቻርጅ የሚደረግ ተራ የሞቶሮላ ታብሌት ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ በ4 ደቂቃ ማብሪያውን አገኘ፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራም ልጆቹ በወራት ውስጥ ከፈቱት። እኔ ብሆን ለእነዚያ ልጆች የምሰጠው የኤክስኦውን ስክሪን ነበር።

ተጣጣፊው ስክሪንስ? መስታወቱን በስስ ፕላስቲክ ተክቶ የመጣ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ታጣፊ ስልክ ለጋዜጠኞች ሲሰጥ አንዳንዶቹ ልጣጭ መስሏቸው የላዩን ሽፋን ላጡት፤ ስክሪኑ ሞተ፣ ሽያጩም ለወራት ተገፋ። ለማታር የበጋ አቧራ አልመርጠውም።

የኢ-ሪደር ትልቁ ጣጣ ግን ያለው መጽሐፉ ላይ ነው። በቴሌግራም የሚዞረው የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፤ ባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉን አሳድጉ ስትሉት መስመሩ ከዳር ይወጣል። ኑዌርኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሆኖ አናባቢዎቹ ከሥር ሰረዝ፣ ከላይም ነጥብ ይጨመርባቸዋል። ስለዚህ ለማታር ተማሪ ኢ-ሪደር የምትገዙ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የኑዌርኛ ገጽ ጭናችሁ እነዚያ አናባቢዎች ባዶ ሳጥን ሆነው አለመምጣታቸውን እዩ።