ስለ ልብ ትርታ ከልክ ማለፍ

የሰው ልብ ሰውየው ዐርፎ ሳለ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ የምቱም ትእዛዝ የሚወጣው ከልብ ላይኛው ክፍል ነው። ነገር ግን ደምን ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል የሚገፉት ታችኞቹ ክፍሎች ትእዛዙን ሳይጠብቁ በገዛ ራሳቸው ሲፈጥኑ፥ ልብ በደም ሳይሞላ ስለሚኮማተር ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በታመመ ልብ ላይ ይነሣል፤ ምልክቱም የልብ ድው ድው ማለት፥ ማዞር፥ የትንፋሽ ማጠር፥ የደረት ሕመምና ራስን መሳት ነው።

ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ሐኪሙም እንደ ሁኔታው በመድኃኒት ወይም በተመጠነ የኤሌክትሪክ ኃይል ትርታውን ይመልሳል። ወድቆ እንደ ወትሮው መተንፈስ ካቃተው ግን፥ ርዳታ እየተጠራ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በብርቱ መጫን፥ የኤሌክትሪኩም መሣሪያ እንደ ተገኘ በእርሱ መርዳት ይገባል።

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 5 ቀን በኮፐንሃገን የዴንማርኩ ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በጨዋታ መካከል ልቡ ቆሞ ሲወድቅ የዳነው በዚሁ ርዳታ ነው፤ በኋላም ትርታውን የሚጠብቅ መሣሪያ በአካሉ ተተክሎለት ወደ ጨዋታው ተመልሷል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ሁሉ ይህን የተማረ ሰው ይኑር፤ የዘገየች አንዲት ደቂቃ ነፍስ ታስቀራለችና።