ድንቹን ማን በላው? ጃርትን እንተዋወቅ

ከጓሮ ድንች ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎረቤት ፍየል ነው። አፈሩን ላስተዋለ ግን ሌባው ይታወቃል። አፈር ጉብ ጉብ ብሎ ተክሉ ከሥሩ ተበልቶ ከጠወለገ ፍልፈል ነው። ሰፊ ቦታ እንደ ታረሰ ከተገለባበጠ ከርከሮ ነው። እሸቱ በቀን ከተፈለፈለ ጦጣ ወይም ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን ከላይ ወደ ታች የተጫረ ጉድጓድ፣ በተራረፈው ድንች ላይ ሰፋፊ የጥርስ ምልክት፣ አለፍ ብሎም ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር እሾህ ከተገኘ ግን የመጣው ጃርት ነው።

ጃርት ከአይጥ ወገን ነው፤ ከ10 እስከ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን ትልቅ ዘመድ። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድጉ ሳይቆረጥም አያድርም። አጥንት ሳይቀር ለቃቅሞ ወደ ጉድጓዱ ይወስዳል፤ ጥርሱን ይሞርድበታል፣ ካልሲየምና ፎስፈረስም ያገኝበታል።

እሾሁን ይወረውራል የሚባለው ግን ሐሰት ነው። እሾሁ የጠነከረ ፀጉር ነው፤ ከቆዳው በቀላሉ ስለሚነቀል የተወረወረ ይመስላል። ጠላት ሲቀርበው እሾሁን ያቆማል፣ እግሩን መሬት ይመታል፣ ጅራቱ ላይ ያሉትን ባዶ እሾሆች ያንኳኳል። ይህ ካልበቃ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ይንደረደራል። ስለዚህ ውሻን በጃርት ላይ መልቀቅ ለእንስሳት ሐኪም ሥራ መፍጠር ነው።

ዋና ምግቡ ሥራ ሥር ነው፦ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሮት። በደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰት ገበሬዎች በደንብ ያውቁታል፤ ለዓመታት የተደከመበትን እንሰት አሚቾውን፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ግንድ፣ ቦርቡሮ በአንድ ሌሊት ይጥለዋል። በቆሎውንም አገዳውን ቆርጦ ካጋደመ በኋላ ነው የሚበላው። ዱባም አይምረውም።

ባለጓሮዎች የሞከሩት ብዙ ነው። የጨርቅ ማስፈራሪያ በጨለማ ለሚመጣ እንስሳ ፋይዳ የለውም። የጭራሮ አጥር ቢሆን በጥርሱ ይበሳዋል፣ አለዚያም በሥሩ ይሾልካል። ጉድጓዱን መድፈን ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ጃርት ከአንድ የትዳር ጓደኛውና ከልጆቹ ጋር የሚኖርበት ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መውጫ አለው፣ አዋልደጌሳ ቆፍሮ የተወውንም ይወርሳል። መርዝ ከሁሉ ይከፋል፤ ውሻውን፣ ጅቡንና ጥንብ አንሣውን አብሮ ይፈጃል።

የተሳካላቸው አጥራቸውን ከመሬት በታች የጀመሩ ናቸው። ጃርት ቆፋሪ እንጂ ወጣጪ አይደለም፤ ስለዚህ ከፍታው አንድ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ የሽቦ መረብ ይበቃል፤ ግርጌው ግን ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት። ሽቦው ለጓሮው ሁሉ ካልደረሰ የሥራ ሥሩን መደብ ብቻ ማጠር ይቻላል። የወደቀ ፍራፍሬ ማታ ማታ ይለቀም፣ የደረሰ ድንችም መሬት ውስጥ አይክረም።

በየተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦችም የጨረቃን አቆጣጠር ቢከተሉ ይጠቅማቸዋል። ጃርት አዳኝ እንዳያየው ደማቅ ጨረቃን ይሸሻል። እንቅልፍ የሚታጣ ከሆነ በድቅድቁ ጨለማ ይታጣ፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን መተኛት ይቻላል።