የማሽላ ጉድጓድ፦ ነቀዝን የሚገድለው አየር ሰውንም ይገድላል

በመቻራ፣ በገለምሶ፣ በጭሮና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ሐረርጌ ገጠር ማሽላን መሬት ውስጥ ቀብሮ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ነው፤ እንስራ ይመስላል። ውስጡ ጭድ ወይም አገዳ ይነጠፍበታል፣ እህሉ ይሞላበታል፣ ከዚያ አፉ በእንጨት ወይም በድንጋይ ተከድኖ በአፈርና በእበት ይመረጋል። ቦክሶል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ እነዚህ የሐረርጌ ጉድጓዶች ጽፏል፤ ከዚያ ወዲህም የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተዋቸዋል። ልማዱ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድጓዱን ሌባ በቀላሉ አያየውም፣ እሳት አይደርስበትም፣ ለቆርቆሮና ለእንጨት ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ይሁን እንጂ ይህ ጎተራ አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። እንደተከፈተ ዘሎ የሚገባበትን ሰው ሊገድል ይችላል። የሚገድለው ደግሞ እህሉን ከነቀዝ የሚጠብቀው ያው ነገር ነው።

እንዴት? እህል የሞተ ነገር ይመስለናል እንጂ ሕይወት ያለው ዘር ነው፤ ይተነፍሳል። አብረውት የተቀበሩት ነቀዝና ሻጋታም ይተነፍሳሉ። ሁሉም ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። አፉ ስለተመረገ አዲስ አየር እንደልብ አይገባም። ኦክስጅኑ እየተሟጠጠ ሲሄድ ነቀዙ መራባት ያቆማል፣ በመጨረሻም ይሞታል። የጉድጓዱ ጥበብ ይኸው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 10 ኩንታል ማሽላ የያዘ ጉድጓድ እናስብ። ይህ እህል 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 40 በመቶ የሚሆነው በፍሬዎቹ መካከል ያለ ክፍተት ነው፤ ማለትም ግማሽ ሜትር ኩብ አየር። ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ስለሆነ፣ በእህሉ መካከል ያለው ኦክስጅን በጠቅላላው 110 ሊትር ቢሆን ነው። አንድ አርፎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 15 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል። ስለዚህ ያ ሁሉ ኦክስጅን ለአንድ ሰው ከ7 እስከ 8 ሰዓታት እንኳ የሚበቃ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ነቀዝ ለወራት ሲተነፍስበት ምን እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም።

የጠፋውን ኦክስጅን ደግሞ በግምት እኩል መጠን ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካዋል። በተራ አየር ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠን 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 4 በመቶ ሲደርስ ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም ለሕይወት አስጊ ብሎ ይመድበዋል። ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። ኦክስጅኑም አብሮ ስለወረደ ነገሩ ይብሳል።

«አምና ገብቼ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ይሆናል። የአፈር ግድግዳ ጥቂት አየር ስለሚያሳልፍ መጠኑ ከጉድጓድ ጉድጓድ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። እህሉ ሳይደርቅ ከተቀበረ ወይም ውሃ ከሰረገበት ግን ትንፋሹም ሻጋታውም ይጨምራል፣ ጋዙም እንዲሁ። አምና ያልገደለ ጉድጓድ ዘንድሮ ሊገድል ይችላል።

ሌላው ችግር ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከአየርም አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። ክዳኑ ሲነሳ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ታች ይተኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1986 በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ ድንገት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሸለቆው ቁልቁል ፈስሶ 1,700 ያህል ሰዎችን የገደለው በዚሁ ክብደቱ ነው። ጠባብ አፍ ያለው ጉድጓድም እንደ ትንሽ ሸለቆ ነው። ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ መተው ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሁለተኛው ሞት ነው። አንዱ ገብቶ ይወድቃል፤ ወንድሙ ወይም ልጁ ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ በእንዲህ ዓይነት ዝግ ቦታዎች ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለማዳን የገቡ ሰዎች እንደነበሩ ገልጿል። ትንፋሽ ይዞ መግባትም አያዋጣም። ሰው መሸከም ከባድ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ መተንፈስ ግድ ይላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በተቻለ መጠን አይግቡ። እህሉን ከላይ ሆነው በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ ጣሳ ወይም ቅል እየጨለፉ ያውጡ። ከአፉ ላይ አጎንብሰው ጭንቅላትዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ።

ጉድጓዱን ከአንድ ቀን በፊት ይክፈቱት፤ ልጆችና ከብቶች እንዳይወድቁበት ዙሪያውን ይጠሩት። ቅጠል ያለው ትልቅ ቅርንጫፍ በገመድ አስረው ደጋግመው ወደ ታች እየሰደዱ ይሳቡት፤ የተኛውን አየር ያናውጠዋል።

የበራ ፋኖስ በገመድ እስከ ታች ያውርዱ። ከጠፋ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው። ካልጠፋ ግን «ደህና ነው» ማለት አይደለም። እሳት የሚጠፋው ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ከዚያ በፊት ጎጂ ሊሆን ይችላል። ኩራዝ ወይም ሻማ ጭዱን ስለሚያቃጥል ባለ መስታወት ፋኖስ ይሻላል።

የግድ መግባት ካለበት፣ የሚገባው ሰው በብብቱ ሥር ጠንካራ ገመድ ይታሰር፤ ሁለት ጉልበት ያላቸው ሰዎች ላይ ሆነው ገመዱን ይያዙ፣ ያለማቋረጥም ያነጋግሩት። መልስ ካጣችሁ «ምን ሆኖ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሳቡት። የወጣው ሰው ካልተነፈሰ ክፍት ቦታ አጋድማችሁ በአፍ ትንፋሽ ስጡት፣ የልብ ምቱ ከጠፋ ደረቱን ተጫኑ፣ ወደ ጤና ጣቢያም አድርሱት።

ግማሹን አውጥቶ መልሶ መድፈን ደግሞ ጋዙ እንደገና እንዲጠራቀም ያደርጋል። ስለዚህ ጥንቃቄው በተከፈተ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀመራል። የነቀዝ ክኒን ጉድጓድ ውስጥ መጣልም ሌላ አደጋ መጨመር ነው፤ አንድ ባለ 3 ግራም ክኒን 1 ግራም ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

አቅም ላለው ቤተሰብ የተሻለ መንገድ አለ። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚያው በጉድጓዱ ጥበብ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች ከውስጥ አየር ይከለክላሉ፣ ነቀዙም በራሱ ትንፋሽ ታፍኖ ይሞታል። እህሉ ግን በደንብ ደርቆ መግባት አለበት። ልዩነቱ፣ ማንም ሰው ከረጢት ውስጥ አይገባም።

ጉድጓዱን የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ ክዳኑ ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር ይስማማ፦ አንዱ ከወደቀ ሌላው ገመድ ይስባል እንጂ ተከትሎ አይገባም።