የመንፈቁ ትርፍ በየትኛው ሚዛን ተለካ?

አክሲዮን ገዢ ከትርፉ ቁጥር በፊት ማብራሪያውን ቢያነብ ይጠቀማል

ጥር በገባ ቁጥር ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የመንፈቅ ዓመት ውጤታቸውን ያሳውቃሉ። ጋዜጣው «ትርፉ ይህን ያህል በመቶ አደገ» ብሎ ይጽፋል፤ ደላላው ቁጥሩን ይዞ ስልክ ይመታል፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያለው የእህል ነጋዴም ከበቆሎና ከበርበሬ ያገኘውን ብር አክሲዮን ይግዛበት ወይስ ለመጪው ምርት ያቆየው እያለ ያወጣል ያወርዳል።

ጉዳዩ ዛሬ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች አሉት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክ በመጀመሪያ ተመዝግቦበታል። አክሲዮን በገበያ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ ሲመጣ የመንፈቁ ትርፍ ዋጋ ሊያስወጣም ሊያስወርድም ይችላል። ስለዚህ «ስንት አተረፈ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ስሌት አተረፈ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ አገራችን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ተቀብላለች። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች መካከል ቁጥር 34 የሚባለው በዓመቱ መካከል የሚወጣውን መግለጫ ይመለከታል።

ደረጃው የሚያዘው በአጭሩ ይህ ነው። ድርጅቱ ለዓመታዊ ሒሳቡ የሚጠቀምበትን የሒሳብ አያያዝ ፖሊሲ ለመንፈቁም ይጠቀማል፤ ከለወጠ ለውጡን በማብራሪያ ይገልጻል። የሀብትና ዕዳ መግለጫው ካለፈው በጀት ዓመት መጨረሻ ጋር፣ ትርፍና ኪሣራው ደግሞ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ መንፈቅ ጋር ይነጻጸራል። መግለጫው ብዙ ጊዜ አጠር ያለ ነው፤ በኦዲተር ሳይመረመር የሚወጣበት ጊዜም ብዙ ነው። አጭር በመሆኑም ዋናው ምሥጢር ያለው ከሠንጠረዡ በስተኋላ ባሉት ማብራሪያዎች ውስጥ ነው።

የበቆሎው ሒሳብ

በምሳሌ እንየው። አንድ የቡሬ ነጋዴ በኅዳር 500 ኩንታል በቆሎ በ3,000 ብር ሒሳብ ገዛ እንበል። በታኅሣሥ ሌላ 500 ኩንታል በ3,400 ብር ጨመረ። እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ 500 ኩንታሉን በ3,700 ብር ሸጠ። የሽያጭ ገቢው 1,850,000 ብር ነው። ትርፉስ?

«መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል» በሚለው ስሌት የተሸጠው የኅዳሩ በቆሎ ነው፤ ወጪው 1,500,000፣ ትርፉ 350,000 ብር ይሆናል። በአማካይ ዋጋ ከተሰላ ኩንታሉ 3,200 ብር ይወድቃል፤ ወጪው 1,600,000፣ ትርፉም 250,000 ብር ይሆናል። ጎተራው አንድ፣ ገዢው አንድ፣ የተቀበለው ገንዘብም አንድ ነው። በትርፉ ላይ የ100,000 ብር ልዩነት ያመጣው የተመረጠው ስሌት ነው። ሁለቱንም ስሌቶች ደረጃው ይፈቅዳል።

የወቅት ነገርም አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በምዕራብ ጎጃም በቆሎ ወደ ገበያ በብዛት የሚገባው ከኅዳር ወዲህ በመሆኑ፣ ነጋዴው ታኅሣሥ 30 ላይ መጋዘኑ ሞልቶ ካዝናው ባዶ ሊሆን ይችላል። ደረጃ 34 ገና ያልተገኘውን የሽያጭ ገቢ በመንፈቁ ውስጥ አስቀድሞ መመዝገብን አይፈቅድም። በሰኔ ሊደረግ የታሰበ የማሽን ጥገናንም ወጪ ከፍሎ ግማሹን በታኅሣሥ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ የእህል ድርጅትን የመጀመሪያ መንፈቅ ትርፍ በሁለት አባዝቶ «የዓመቱ ትርፍ ይህ ነው» የሚል ደላላ ካለ አይመኑት።

ማሽኑ ስንት ዓመት ይኖራል?

ሌላው የትርፍ ማጠፊያ የእርጅና ተቀናሽ ነው። የቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አገሪቱ በሙከራ ከጀመረቻቸው አራት ፓርኮች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ ባለሀብት የ400 ሚሊዮን ብር ማሽን ተከለ እንበል። አገልግሎቱን 10 ዓመት ብሎ ከገመተ በመንፈቅ 20 ሚሊዮን ብር ይቀነሳል። 20 ዓመት ካለ ግን 10 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። አንድ ኩንታል ተጨማሪ ሳያመርት ትርፉ በ10 ሚሊዮን ብር አደገ ማለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮምፒዩተር ቺፕ አምራቹ የአሜሪካ ኩባንያ ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ የአንዳንድ ማምረቻ መሣሪያዎቹን የአገልግሎት ዘመን ከ5 ወደ 8 ዓመት አራዘመ። በዚህም የዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ በ4.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ ራሱ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ግን በማምረቻ መሣሪያዎቹ ላይ፣ በተለይም «ኢንቴል 7» በሚባለው የአመራረት ዘዴ ላይ በዋሉት፣ 3.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ መዘገበ። የሩብ ዓመቱ የተጣራ ኪሣራ 16.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህም ትልቁ ድርሻ የሀብት ዋጋ መውረድን የመሰለ ጥሬ ገንዘብ ያልወጣበት ወጪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። የአገልግሎት ዘመንን መቀየር የግምት ለውጥ ስለሆነ ከለውጡ ቀን ወዲህ ያለውን ሒሳብ ብቻ ይነካል። የፖሊሲ ለውጥ ግን፣ ለምሳሌ ክምችትን ከአንዱ ስሌት ወደ ሌላው ማዛወር፣ በመሠረቱ ያለፉትንም ዓመታት ቁጥር እንደገና ያሠራል። ስለዚህ የግምት ለውጥ ባለፈው ዓመት ቁጥር ላይ አሻራ አይተውም፤ የሚገኘው ማብራሪያውን ለሚያነብ ብቻ ነው።

የሐምሌ 22 ፈተና

የዚህን ሁሉ ክብደት ያሳየን የብሩ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ ገና 22 ቀኑ ነበር። ሰኔ 30 ላይ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበረ፤ ከመንፈቅ በኋላ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከ120 ብር በላይ ሆነ።

አንድ ሚሊዮን ዶላር የውጭ ዕዳ ያለበት ፋብሪካ በሰኔ መዝገቡ ላይ የጻፈው 57 ሚሊዮን ብር ነው። ዕዳ በመዝጊያው ቀን ምንዛሪ ስለሚተመን በታኅሣሥ 120 ሚሊዮን ይሆንበታል። አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል የ63 ሚሊዮን ብር ኪሣራ ይመዘግባል። በዚያው ዶላር የገዛው ማሽን ግን በተገዛበት ዋጋ ይቆያል። የሰኔው ሒሳብ ደግሞ ለውጡ የመጣው ከመዝጊያው ቀን በኋላ በመሆኑ አይስተካከልም፤ በማብራሪያ ብቻ ይጠቀሳል።

በተቃራኒው ከዕዳው የበለጠ የዶላር ሀብት የያዘ ባንክ በዚሁ ስሌት ትርፍ ይመዘግባል። ዶላሩ እስካልተሸጠ ድረስ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። የኬንያው ሳፋሪኮምም እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 የተጠናቀቀውን መንፈቅ ሲዘጋ ለባለድርሻዎቹ የሚደርሰው የተጣራ ትርፍ በ17.7 በመቶ ወርዶ 28.1 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ሆኗል። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የብር መዳከም ነበር።

የባንኩ ብድርስ?

የባንክ አክሲዮን ላለው ሰው ትልቁ የግምት ጉዳይ የብድር ኪሣራ መጠባበቂያ ነው። ደረጃ ቁጥር 9 ብድሮችን በሦስት እርከን ይመድባል። ጤናማው ብድር በመጀመሪያው እርከን የሚጠበቅበት ኪሣራ ለ12 ወር ብቻ ይያዝለታል። ሥጋቱ በጉልህ ከጨመረ ወደ ሁለተኛው ይዛወርና ለቀሪ ዘመኑ በሙሉ ይያዝለታል። የተበላሸው ሦስተኛው ላይ ይሰፍራል።

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት አለ። በምዕራብ ጎጃም መንገድ ሲዘጋ የጭነት መኪናው ይቆማል፤ እህሉ መጋዘን ውስጥ ይከርማል፤ ተበዳሪው የወለዱን ቀን ያሳልፋል። ይህ ተበዳሪ አንደኛ ወይስ ሁለተኛ እርከን ይሁን? ውሳኔው የባንኩ ኃላፊዎች ነው። መጠባበቂያውን ያሳነሰ ባንክ ዛሬ ያማረ ትርፍ ያሳያል፤ ብድሩ ካልተመለሰ ግን ሒሳቡ ነገ በባለአክሲዮኑ ላይ ይወራረዳል።

ከመግዛትዎ በፊት

የመንፈቅ መግለጫ እጅዎ ሲገባ እነዚህን ይፈትሹ፦

— ኦዲተር አይቶታል ወይስ አላየውም?
— ከዓመታዊው የተለወጠ ፖሊሲ ወይም ግምት አለ? ትርፉን በስንት ነካው?
— ከትርፉ ውስጥ ከምንዛሪ ልዩነት የመጣው ስንት ነው?
— የብድር መጠባበቂያው ከብድሩ ጋር አብሮ አደገ ወይስ ወደኋላ ቀረ?
— ከሥራው የተገኘው ጥሬ ገንዘብ ከትርፉ ጋር ይቀራረባል?

ከአምስቱ ለመጨረሻው ልዩ ትኩረት ይስጡ። በስሌት ያደገ ትርፍ ካዝና ውስጥ ስለማይገባ በጥሬ ገንዘብ መግለጫው ላይ ይጋለጣል። ድርጅቱ ማብራሪያውን አላወጣም ከተባሉ ደግሞ ሚዛኑን ሳያዩ ኩንታል እንደመግዛት ነውና ብርዎን ይዘው ይቆዩ።