መቅደላ፤ ሕዝብ የራቀው ንጉሥና የውጭ ጦር



አንድ ሕዝብ የገዛ መሪው ክንድ ሲከብድበትና በመሪው ላይ ሲነሣ፣ ከሩቅ ሆነው የሚመለከቱ ኃያላን መንግሥታት ምን ያደርጋሉ? ለተበደለው አዝነው ይረዱታልን? ወይስ የወዳጅነት ውል አለብን ብለው ገዢውን ይደግፋሉ? ይህ ጥያቄ በየዘመኑ የሚነሣ ነው። በ2003 ዓ.ም. የግብጽ ሕዝብ በካይሮ አደባባይ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል የሙባረክ መንግሥት ወዳጅ ሆና የኖረችው አሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ለሁለቱም ወገን የሚሆን ቃል ስትፈልግ ቆየች፤ የነገሩ ዝንባሌ ከታወቀ በኋላ ግን ወደ ሕዝቡ አዘነበለች። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ የምዕራብ መንግሥታት የጦር አውሮፕላኖቻቸውን በሊቢያ ላይ አዘመቱ። አገሮቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዓመቱም አንድ ነው፤ የተሰጠው መልስ ግን የተለያየ ነው።

በእኛም አገር የሆነውን እናስታውስ። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የወሎ ረኀብ ፊልም የውጭውን ዓለም አስደነገጠ። በየካቲትም ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ታክሲ ነጂውና ተማሪው በየበኩሉ ድምፁን አሰማ። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ከዘውዱ መንግሥት ጋር በጦር መሣሪያ ውል ተሳስራ የነበረችው አሜሪካ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ለማዳን እጅዋን አልዘረጋችም፤ ይልቁንም መሣሪያውን ለአዲሱ ወታደራዊ መንግሥት መላክዋን ቀጠለች። ውሉ ከንጉሡ ጋር የተደረገ ይመስል ነበር፤ በእውነቱ ግን የሚያስፈልጋት በአሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ነበር። የጣቢያው ጥቅም በቀነሰና ደርግም በ1969 ዓ.ም. በዘጋው ጊዜ፣ እስከ ትናንት ድረስ ሶማሊያን ታስታጥቅ የነበረችው ሶቭየት ኅብረት መጥታ ስፍራውን ያዘች። ይህን ሁሉ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ አላስረዝመውም።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ግን ሌላ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ይገባል። ከመካነ ሰላምና ከማሻ ደጋ ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ አገር፣ ዛሬ አምባ ማርያም የሚባለው የመቅደላ አምባ አለ። ሕዝብ በገዢው ላይ ሲነሣ የውጭ ኃይል እንዴት እንደሚጠቀምበት የዚህን ያህል ገልጦ የሚያሳይ ስፍራ በአገራችን የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ዐፄ ቴዎድሮስን ጨካኝ ገዢ ነበሩ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ሙሉ አይሆንም። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ በመሳፍንት ተከፋፍሎ የነበረውን አገር አንድ ለማድረግ፣ ወታደሩ ከገበሬው መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር፣ መድፍም በአገር ውስጥ እንዲሠራ አስበው ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡም ከመሬት እንጂ ከሌላ አይገኝም፤ በመሬቱም ምክንያት ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ባላባቱ ሸፈተ፤ ሽፍታውን ለመቅጣት የዘመተው ሠራዊት ደግሞ ያው እንደ ጥንቱ የገበሬውን ጎተራ ገለበጠ። ቅጣቱ ሽፍትነትን፣ ሽፍትነቱም ቅጣትን እየወለደ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በመቅደላ እንደ ታሰሩ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

የወሎ ሰዎች በደል ከሁሉ የመረረ ነበር። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ በመቅደላ እስረኛ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከአምባው አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሻገሩ ወይዘሮ ወርቂት ተቀብለው አሳለፏቸው። ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን በሰሙ ጊዜ ልጃቸውን ከሌሎች የኦሮሞ ባላባቶች ጋር አስገደሉት። ከዚህ በኋላ የወሎ ምድር ለንጉሡ የጠላት አገር ሆነ። በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በትግሬ ደጃዝማች ካሣ፣ በሸዋ ምኒልክ ሁሉም በየፊናቸው ተነሡ። እነዚህ ሁሉ አንድ ልብ አልነበሩም፤ እርስ በርሳቸውም ይጠባበቁ ነበር። ለኋላው ነገር ቁልፉ ይኸው ነው።

እንግሊዞች ወደዚህ ነገር የገቡት ለተበደለው ሕዝብ አዝነው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ንጉሡም ተቆጥተው ቆንስሉን ካሜሮንን አሠሩ፤ ሊያስፈታ የመጣው ራሳምም ታሰረ። ጎንደር ስትቃጠል ለንደን አልተንቀሳቀሰችም፤ ጥቂት አውሮጳውያን በሰንሰለት መያዛቸው ግን ከህንድ 13,000 ወታደር፣ 44 ዝሆንና ስፍር ቁጥር የሌለው የጋማ ከብት አስነሣ። የዘመቻው ወጪ በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ።

የጦሩ አለቃ ናፒየር ብልህ ሰው ነበር። የመጣሁት እስረኞቹን ላስፈታ ነው፤ አገራችሁን አልፈልግም፤ ለምወስደውም ሁሉ ዋጋ እከፍላለሁ ሲል ለመኳንንቱ፣ ለካህናቱና ለሕዝቡ ዐዋጅ ላከ። እንዳለውም በማርያ ትሬዛ ብር ከፈለ። ገበሬው ከገዛ ንጉሡ ወታደር የደበቀውን ገብስና ገለባ አውጥቶ ለባዕድ ጦር ሸጠ። በዚህ ገበሬውን መውቀስ የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ በዚያ ዘመን የነበረውን የባዶ ጎተራ ታሪክ ማወቅ ይገባዋል።

ሁለቱን ጉዞዎች አስተያዩአቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጎተቱ በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሡ። በዋድላና በደላንታ ገደል መንገድ እያስቆፈሩ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው እየወጡ፣ ሠራዊታቸው በየሌሊቱ እየከዳ እየሳሳ፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በገዛ አገራቸው ለዚያች መንገድ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ናፒየር ግን በዙላ ወደብ በጥር አካባቢ ወርዶ፣ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የማያውቀውን ተራራማ አገር አቋርጦ፣ በሦስት ወር ውስጥ በሽሎ ደረሰ። በመንገዱም አንድም ሰው ጦር አልመዘዘበትም። ደጃዝማች ካሣ በትግሬ አሳለፉት፤ ዋግሹም ጎበዜ አልከለከሉትም፤ የወሎዋ ወይዘሮ መስተዋትም ሰዎቻቸውን አሰልፈው ንጉሡ የሚሸሹበትን በር ዘጉ። እንግሊዞች ዝሆኖቻቸውንና ፈጣን ጠመንጃቸውን ሲያወድሱ ኖረዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን መቅደላን ያስያዘው በመጀመሪያ ይህ ነው።

የቀረው አጭር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ መቶ ሰዎች ጋር ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው ወደ ሃያ የሚሆን ነበር። አውሮጳውያኑ እስረኞች ተለቀቁ። የመጡበት ጉዳይ በዚህ አልቆ ነበር፤ ጦሩ ግን ንጉሡ እጃቸውን ካልሰጡ አልመለስም አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ።

አሁን የተነሣው ወገን ምን አገኘ? ናፒየር አምባውን ለዋግሹም ጎበዜ ሰዎች ሊሰጥ አስቦ ነበር፤ አልቀበልም አሉት። ወይዘሮ መስተዋትና ወይዘሮ ወርቂት ሁለቱም ይገባኛል ብለው ቀረቡ፤ እርሱ ለማንም ሳይሰጥ አቃጥሎት ሄደ። ልጃቸው የተገደለባቸው እናት የተረከቡት አመድ ነው። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከግምጃ ቤቱ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዱና ጽዋው በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ተጓዙ፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞተ።

አንድ ሰው ግን ባዶ እጁን አልቀረም። ናፒየር ሲመለስ ላሳለፉት ለደጃዝማች ካሣ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ከነጥይቱ ትቶላቸው ሄደ፤ ኪርክሃም የሚባል ከዘመቻው ጋር የመጣ እንግሊዛዊም ቀርቶ ወታደሮቻቸውን አሠለጠነ። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ሳለ፣ በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ ሁለቱ ተጋጠሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ የመቅደላው ስጦታ ግን ብዛቱን አሸነፈ፤ ካሣም በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። በአገራችሁ ጉዳይ አልገባም ያለው ጦር፣ ምናልባት ሳያስበው፣ የሚቀጥለውን ንጉሥ መርጦ ሄዷል።

ብዙ አልቆየም፤ እነዚያው ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ግብጾች በጉንደትና በጉራ ሲወጓቸው፣ ለእንግሊዝ መንግሥት የዋሉት ውለታ የሚያስታውስላቸው አላገኙም፤ ጦርነቱንም የተወጡት በራሳቸው ሠራዊት ነው። ናፒየር ግን ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ በንግሥቲቱ ተሾመ፤ የተሰጠውም ማዕረግ የመቅደላው ባሮን የሚል ነው።